መብራት እያለ የሚራብ ባትሪ፦ ለኮምቦልቻው ጠያቂ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የኮምቦልቻ ነዋሪ ናቸው። አባታቸው በአሜሪካ የተሠራ የቆየ ሞተርሆም (መኖሪያ ክፍል ያለው መኪና) በጨረታ ገዝተው ግቢያቸው ውስጥ አቁመውታል፤ ሐሳባቸው እንግዶች ይዘው ወደ ሐይቅና ወደ ባቲ መመላለስ ነው። መኪናው 120 ቮልት ስለሚፈልግ ከቤቱ 220 ቮልት መስመር ላይ በማውረጃ ትራንስፎርመር በኩል ሰክተውታል። መብራት እያለ የመኪናው አምፖሎች በሙሉ ይበራሉ። መብራት በጠፋ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ግን ደብዝዘው ይጠፋሉ። ባትሪው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ከአልጋው ሥር ያለው የብረት ሣጥን ያለማቋረጥ ያጉረመርማል፣ እጅ የማያስቀምጥ ሙቀትም አለው። መኪናው እንደተሰካ ባትሪው ሲለካ 12.1 ቮልት ያሳያል። አንዱ ባለሙያ «ባትሪው ጥራት የለውም፣ ሌላ ግዙ» አላቸው፤ ሌላው «ኢንቨርተር ያስፈልጋችኋል» አላቸው። የማንን ምክር እንስማ ይላሉ።

አብሽሩ፤ መኪናው የሚድን ነው። የሁለቱንም ምክር ግን ለጊዜው ያቆዩት።

በጥያቄዎ ውስጥ ትልቁ መረጃ 12.1 የሚለው ቁጥር ነው፤ እርስዎ ግን መጨረሻ ላይ እንደ ትርፍ ነገር ጣል አድርገውታል። ቻርጅ እየተደረገ ያለ ጤነኛ የ12 ቮልት ባትሪ ብዙም ሳይቆይ ከ13 በላይ ማሳየት አለበት። ባዶውን ሆኖ ሲጀምር እንኳ ቁጥሩ ቀስ እያለ ሽቅብ ሲወጣ ይታያል። ተሰክቶ ውሎ አድሮ 12.1 ላይ የቆመ ባትሪ ምንም እየገባለት አይደለም። ሙሉ ባትሪ ጥቂት ሰዓታት አርፎ ሲለካ 12.6 ወይም 12.7 ያሳያል፤ ግማሽ ሲሆን 12.2፣ ሩብ ሲቀረው 12.0 ገደማ። የእርስዎ ባትሪ ከግማሽ በታች ሆኖ ነው ሌሊቱን እንዲያበራ የሚጠየቀው። ሦስተኛ ቢገዙለትም የሁለቱ ዕጣ ይደርሰዋል።

«ታዲያ አምፖሎቹ እንዴት ይበራሉ?» ይሉኛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የዚያ ዘመን የአሜሪካ ሞተርሆሞች የያዙት ሣጥን ኮንቨርተር ነው። ሥራው 120 ቮልት ኤሲ (የመስመር ኤሌክትሪክ) ተቀብሎ 12 ቮልት ዲሲ (የባትሪ ዓይነት ኤሌክትሪክ) መስጠት ሲሆን፣ የተሠራውም በዋናነት ለአምፖሎቹ፣ ለውሃ ፓምፑና ለማሞቂያው ማራገቢያ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ አንድ ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ራሱን የሚቀይር ማብሪያ ማጥፊያ፣ አለ። መብራት ሲኖር ሪሌው አምፖሎቹን ከኮንቨርተሩ ጋር ያገናኝና ባትሪውን ገለል ያደርገዋል። መብራት ሲጠፋ ጠቅ ብሎ ይመለስና አምፖሎቹን ለባትሪው ያስረክባል። ባትሪውን የሚሞላው ከዚያው ሣጥን በሌላ መስመር የሚወጣ፣ ጥቂት አምፒር ብቻ የሚሰጥ ትንሽ ክፍል ነው። ሠሪዎቹ ባትሪውን የሚያስቡት ለአንድና ለሁለት ሌሊት ብቻ ነበር፤ መኪናው በየካምፑ ኤሌክትሪክ ላይ እየተሰካ እንዲሄድ ታስቦ የተሠራ ነውና። ስለዚህ መብራት እያለ አምፖል መብራቱ ስለ ባትሪው አንዳች አይነግርዎትም። አምፖሎቹና ባትሪው በዚያ ሰዓት አይተዋወቁም።

ያ ትንሽ ክፍል ጤነኛ ቢሆንና 5 አምፒር ቢሰጥ እንኳ ስሌቱ አያጽናናም። 100 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ግማሹ ሲበላ 50 መመለስ አለበት፤ ይህ በወረቀት ላይ 10 ሰዓት ነው። በተግባር ግን ባትሪ እየሞላ ሲሄድ የሚቀበለው መጠን ስለሚቀንስ የመጨረሻው ክፍል ብቻውን ረጅም ጊዜ ይፈጃል። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ሰፈር ደግሞ አንድም ቀን ሳይጠግብ ይኖራል። ሳይሞላ የሚቆም ባትሪ ፕሌቶቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይጋገርበታል፤ ከጠነከረ በኋላ ምንም ዓይነት ቻርጀር መልሶ አያሟሟውም። ባትሪ ሻጩ «ሞቷል» ሲልዎት እውነቱን ነው። ገዳዩን መፈለግ የእሱ ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ጉርምርምታውና ወደ ሙቀቱ ልምጣ፤ ዋናው ነገር እዚያ ያለ ይመስለኛል። ማውረጃ ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል፣ ሄርዙን (የመስመሩ ኤሌክትሪክ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ) ግን አይነካም። የእኛ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። የሣጥኑን የስም ሰሌዳ ቢያነቡ 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ የሚል ያገኛሉ። ሰዎች የመጀመሪያውን ቁጥር አንብበው ማውረጃ ይገዛሉ፤ ሁለተኛውን ቁጥር የሚያነብ ጥቂት ነው። በትራንስፎርመር ብረት ውስጥ የሚያልፈው መግነጢስ የሚወሰነው ቮልቱ ለሄርዙ ተካፍሎ በሚገኘው መጠን ነው። ቮልቱ ሳይቀየር ሄርዙ ከ60 ወደ 50 ሲወርድ ብረቱ ላይ 20 በመቶ ተጨማሪ ይጫንበታል። ወጪ ለመቆጠብ ለ60 ሄርዝ ልክ በልኩ የተሠራ ብረት ይህን ትርፍ መሸከሚያ የለውም፤ ይጠግባል፣ ከዚያም ትርፉ ሙቀትና ጉርምርምታ ሆኖ ይወጣል። በክረምት ቀዝቃዛ ሌሊት ላይስተዋል ይችላል፤ በግንቦት ቀን፣ ከአልጋ ሥር፣ አየር በማያገኝ ቦታ ግን የሽቦው ሽፋን እስኪጠቁር ያደርሰዋል።

የባሰ አለ። በዚያ ዘመን ከተሠሩት ውስጥ የተሻሉት ፌሮሬዞናንት የሚባሉት ናቸው። እነዚህ ቮልቱን የሚያረጋጉት በኤሌክትሮኒክስ ካርድ ሳይሆን በትራንስፎርመሩ ብረትና በአንድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ቅንጅት ነው። ለራሴ እወዳቸዋለሁ። የመስመሩ ቮልት ወጣ ወረደ ግድ የላቸውም፣ የሚበላሽ ነገራቸውም ጥቂት ነው። የማይችሉት አንድ ነገር የሄርዝ ለውጥ ነው፤ የሚሰጡት ቮልት ከሄርዙ ጋር እኩል ይወርዳልና። በ60 ሄርዝ 13.8 ቮልት የሚሰጠው በ50 ሄርዝ 11.5 ገደማ ይሰጣል። 11.5 ቮልት አምፖል ያበራል፣ ብርሃኑ ትንሽ ቢጫ ቢልም። ባትሪዎ ግን 12.1 ላይ ነው። ቦርከና ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ደሴ እንደማይፈስ ሁሉ፣ 11.5 ላይ ካለ ሣጥን 12.1 ላይ ወዳለ ባትሪ የሚሄድ ኤሌክትሪክ የለም።

ግምት ብቻ እንዳይሆን ማረጋገጫ ያስፈልገናል። መኪናው ውስጥ የቆየ ማይክሮዌቭ ካለና ሰዓቱ የሚሠራ ከሆነ፣ ሰዓቱን አስተካክለው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመልከቱት። ብዙዎቹ የድሮ ማይክሮዌቮች ጊዜ የሚቆጥሩት በመስመሩ ሄርዝ ስለሆነ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል። ይህ ማውረጃው ሄርዙን እንዳልነካው በዓይን ያሳይዎታል፤ ስለ ኮንቨርተሩ ግን ፍርድ አይሰጥም።

ፍርድ የሚሰጠው የመኪናው የራሱ ጄኔሬተር ነው፣ ካለውና ከተነሣ። የአሜሪካ ሞተርሆም ጄኔሬተር የሚያመነጨው ሣጥኑ የተሠራለትን 120 ቮልት 60 ሄርዝ ነው። ማውረጃውን ይንቀሉ፣ ጄኔሬተሩን ያስነሡ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተው ባትሪው ላይ ይለኩ። ቁጥሩ ወደ 13 ከተሻገረ ኮንቨርተሩ ጤነኛ ነው፤ የጎዳው የእኛ 50 ሄርዝ ነው። ከ12.1 ካልተነቃነቀ ደግሞ የቻርጅ ክፍሉ ራሱ ሞቷል ወይም በመካከል አንድ ፊውዝ ተቃጥሏል። ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ብዙዎቹ ጄኔሬተሮች የሚነሡት ከዚሁ ከተራበው ባትሪ ነው፤ በሾፌሩ በኩል የሞተሩን ባትሪና የቤቱን (የመኪናውን መኖሪያ ክፍል የሚያበራውን) ባትሪ ለጊዜው የሚያገናኝ ቁልፍ ካለ ያንን እየተጫኑ ያስነሡት። ከፍታችንንም ያስቡ። ጄኔሬተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ስለዚህ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ከተጻፈበት ውስጥ አምስተኛውን ያህል፣ ደሴ ሲወጣ ደግሞ ሩቡን ያህል ያጣል። ለዚህ ፈተና የአየር ማቀዝቀዣው ይጥፋ።

ስለ ፊውዙ ካነሣን አይቀር፣ ባትሪው ሁለት ጊዜ ሲቀየር ማን እንደቀየረው ማወቅ እፈልጋለሁ። የእኛ መካኒክ ዓይን የለመደው ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ የሚለውን ነው። በብዙ የአሜሪካ ተጎታች ቤቶችና ሞተርሆሞች የቤት መስመር ላይ ግን ጥቁሩ ፖዘቲቭ፣ ነጩ ኔጌቲቭ ሆኖ ይገኛል። ልምድ ያለው መካኒክ፣ ልምዱን ይዞ፣ ጥቁሩን ገመድ ኔጌቲቭ ላይ ያስረዋል። አንድ ብልጭታ ይበቃል፤ ለዚሁ የተቀመጡት መከላከያ ፊውዞች ይቃጠላሉ፣ አንዳንዴም ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት ዳዮዶች አብረው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ገመዱ ወደ ቦታው ቢመለስ እንኳ ሣጥኑ መሙላቱን ያቆማል፤ መብራት እያለ አምፖሉ ስለሚበራም ማንም አያውቅም። ቀለም አይመኑ። ሁለቱንም ገመድ ከባትሪው ፈትተው በቴስተር ወደ መኪናው ሻሲ ይለኩ፤ ከሻሲው ጋር የሚገናኘው ኔጌቲቩ ነው። የባትሪውን ራሶች የሚይዙትን ሞርሴቶዎችም በዚያው ይጥረጉ፣ ነጭ አመድ የመሰለ ነገር የያዘ ሞርሴቶ ብቻውን ግማሽ ቮልት ሊበላ ይችላል።

ሣጥኑን ግን አይክፈቱት። ፌሮሬዞናንት ከሆነ ውስጡ ያለው ካፓሲተር በብዙ መቶ ቮልት የሚሠራ ነው፤ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ከባትሪው በላይ ያሳሰበኝ ማውረጃው ነው። ገበያ ላይ ያሉ ብዙ ማውረጃዎች አውቶትራንስፎርመር ናቸው፤ ሁለት የተለያየ ጥቅል ሽቦ ሳይሆን አንድ ጥቅል ብቻ አላቸው፣ ከሁለቱ የ220 ገመዶች አንዱም ሳይቋረጥ ቀጥታ ወደ መኪናው ያልፋል። የእኛ ስፒና ደግሞ ተገልብጦም ይገባል። በትክክለኛው በኩል ሲሰካ የሚያልፈው ባዶው ገመድ ነው፣ ችግር የለውም። ተገልብጦ ሲሰካ ግን የሚያልፈው ሕያው መስመር ነው፤ ያኔ መኪናው ውስጥ ምንም የለበትም ተብሎ የሚታሰበው የ120 ቮልቱ ነጭ ገመድ ከመሬት አንጻር 220 ቮልት ይሸከማል። የመኪናው ብሬከሮች የሚቆርጡት የ120 ቮልቱን ጥቁር ገመድ ብቻ ስለሆነ ብሬከሩን አጥፍተው የሚሠሩበት ሶኬት እንኳ ይገድላል። በዚህ ላይ መኪናው በጎማ ላይ የቆመ ብረት ነው፤ ማውረጃው የመሬት ሽቦ ካላሳለፈና የአንዱ ዕቃ ሽፋን ካረጀ፣ በእርጥብ መሬት ላይ ቆሞ የበሩን እጀታ የሚይዝ ሰው ነው መሬቱን የሚያገናኘው። በሩን ሲነኩ ጣትዎን ነዘር የሚያደርግ ነገር ካለ ዛሬውኑ ይንቀሉት። ልጆች ያሉበት ግቢ ከሆነ ደግሞ ሳይነዝርም ይንቀሉት።

እዚህ ላይ መፍትሔው ይመጣል፣ እንደ እድል ሆኖም ከችግሩ ይቀላል። በዚያ መኪና ውስጥ 120 ቮልት የግድ የሚፈልገው የአየር ማቀዝቀዣው፣ ማይክሮዌቩና ምናልባት የፍሪጁ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብቻ ነው። አምፖሉ፣ ፓምፑ፣ ማራገቢያው ሁሉ 12 ቮልት ነው። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ። ስለዚህ አሮጌውን ኮንቨርተር ለማዳን አይድከሙ፤ ማውረጃውንም ከጨዋታው ያውጡት። 220 ቮልት 50 ሄርዝ በቀጥታ የሚቀበል፣ በደረጃ የሚሞላ ዘመናዊ ቻርጀር ይግዙና በራሱ ገመድና በራሱ ብሬከር ያስገቡት። የመሬት ሽቦው ከቤቱ የመሬት መስመር ጋርና ከሻሲው ጋር ይታሰር፣ ከፊቱም 30 ሚሊ አምፒር ወደ መሬት ሲያፈተልክ የሚቆርጥ መከላከያ ይግባለት።

ቻርጀሩ ሲመረጥ «በደረጃ የሚሞላ» የሚለው ቃል ቁም ነገር አለው። መጀመሪያ እስከ 14.4 ቮልት ድረስ በሙሉ አቅሙ ይገፋል፤ ባትሪው ሲጠጋ ወደ 13.6 ይወርዳል፤ መኪናው ሳይነካ ለቀናት ሲቆም 13.2 ገደማ ላይ ይጠብቀዋል። የአምፒሩ መጠን ከባትሪው አቅም ከ10 እስከ 20 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለት ባለ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ካስገቡ ባለ 30 አምፒር ቻርጀር ይበቃል፤ ከግድግዳው ሶኬት የሚወስደውም 2.5 አምፒር አይሞላም። ለካሜራና ለጌጥ አምፖል የሚሸጠውን ባለ 12 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ርካሽ ነው ብለው እንዳይገዙ፤ በትክክል 12.0 የሚሰጥ ዕቃ ባትሪ አይሞላም። ጋራዥ ውስጥ የምናያቸው ባለ ቀስት ቻርጀሮችም የሚያቆማቸው ሰው አጠገባቸው ሲኖር ነው የሚሆኑት።

አዲሱ ቻርጀር ሲገባ አሮጌው ሪሌ ይወጣል። የአምፖሎቹ መስመርና የባትሪው መስመር በፊውዝ ሰሌዳው ላይ አንድ ላይ ይገናኛሉ፣ ቻርጀሩም ባትሪውንና አምፖሎቹን በአንድነት ይመግባል። የፊውዝ ሰሌዳው እዚያው ይቆይ፤ እሱ አያረጅም።

ባለሙያዎ ብዙ ጊዜ የሚንቀው ነገር የገመዱ ውፍረት ነው። ቻርጀሩ ከባትሪው 5 ሜትር ርቆ ቢቀመጥና በ6 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ቢያያዝ፣ 30 አምፒር ሲሄድ ደርሶ መልስ 0.86 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ16 ሚሊ ሜትር ካሬ ሲሆን 0.32 ብቻ። ከ14.4 ላይ 0.86 ሲቀነስ ምን እንደሚቀር ያስሉት። ቻርጀሩን ከባትሪው አጠገብ ያድርጉት፣ ነገር ግን በአንድ የተዘጋ ሣጥን ውስጥ አይሁኑ። ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ይተፋል፤ ያ ጋዝ ወደ ውጭ መውጫ ይፈልጋል፣ ብልጭታም አይወድም። ከባትሪው ፖዘቲቭ በቅርብ ርቀት ላይ ዋና ፊውዝ ይኑር።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ተቃራኒው በሽታ ሊኖርባቸው ይችላልና በመካከል አንድ ነገር ልበል። ከአውሮፓ የመጣ የቆየ ካምፐር 230 ቮልት 50 ሄርዝ ስለሆነ እኛ ጋ ያለ ችግር ይሰካል፤ አሮጌ ሣጥኑም ይሞላል። ግን አንዳንዱ መቼ ማቆም እንዳለበት አያውቅም። መኪናው ለወራት ተሰክቶ ሲቆም ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ ይገፋዋል፣ ውሃው በጋዝ መልክ ያልቃል፣ ፕሌቶቹ ከውሃው በላይ ይጋለጣሉ። ባለቤቱ ሲከፍተው ደርቆ ያገኘዋል። እዚህ ላይ አሲድ መጨመር የሚሉት የጋራዥ መድኃኒት አለ፤ እባካችሁ ተዉት። ያለቀው ውሃ ነው፤ የሚጨመረውም የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። አሲድ ሲጨመር የመለኪያው ቁጥር ያምራል፣ ፕሌቱ ግን ይበላል። የእርስዎ የራበው፣ የእነዚያኛዎቹ ደግሞ ከልክ በላይ የጠገበ ባትሪ ነው፤ ሁለቱንም በደረጃ የሚሞላው ቻርጀር ይፈውሳቸዋል።

ወሎ ውስጥ ለሚንቀሳቀስ መኪና የሙቀት መለኪያ ገመድ ያለው ቻርጀር ቢሆን እመርጣለሁ። 14.4 የሚባለው ቁጥር ለ25 ዲግሪ ነው። ባትሪው በአንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ከ0.02 እስከ 0.03 ቮልት ተጨማሪ ይፈልጋል፤ በሞቀ ቁጥር ያንኑ ያህል ይቀነስለታል። ከጦሳ ሥር ደሴ ላይ በ10 ዲግሪ ሌሊት የሚያድር ባትሪ 14.7 ቢያገኝ ደስ ይለዋል፤ ያው ባትሪ በማግስቱ ባቲ ወርዶ በቀትር 14.7 ቢሰጠው ውሃውን ያፈላል። በአንድ ቀን ጉዞ ይህን ያህል የአየር ጠባይ የሚቀያየርበት አገር ጥቂት ነው።

ኢንቨርተር ግዙ ወዳሉት ሰው ልመለስ። ኢንቨርተር የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ወይም 120 ኤሲ የሚቀይር ነው፤ ከኮንቨርተር ጋር ስማቸው ቢቀራረብም ሥራቸው ተቃራኒ ነው። ባትሪ አይሞላም፣ ይጠጣል እንጂ። 1,000 ዋት የሚፈልግ ዕቃ በኢንቨርተር ቢያስነሡ ከባትሪው ወደ 90 አምፒር ይወስዳል፤ ባለ 100 ባትሪ በዚህ ሁኔታ አንድ ሰዓት አይደርስም። ለእንግዳ የሚፈላው ቡና በከሰል ይሁን፣ ጣዕሙም ለዚያ ነው። ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ ለማስነሣት ከፈለጉ ባትሪው ከዳነ በኋላ ትንሽ ኢንቨርተር ይበቃዎታል። አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ ኢንቨርተሩ የመኪናውን ሶኬቶች ሁሉ እንዲመግብ ካደረጉት፣ ቻርጀሩም ከእነዚያ ሶኬቶች በአንዱ ላይ ከሆነ፣ ባትሪው ራሱን ሊሞላ ይሞክራል። በእያንዳንዱ ዙር እየባከነ ባዶውን ያድራል።

በመንገድ ላይ የሞተሩ ዲናሞ የቤቱንም ባትሪ መሙላት አለበት። ሞተሩን አስነሥተው የቤቱ ባትሪ ላይ ይለኩ፤ ከ13.5 በላይ ካልወጣ ሁለቱን ባትሪዎች የሚያገናኘው ሪሌ ወይም ዳዮድ ይታይ። ዳዮድ ያለበት ከሆነ 0.7 ቮልት ያህል ራሱ ይበላል፤ በሪሌ ቢቀየር ይሻላል። ግን ከኮምቦልቻ ደሴ ባለው አቀበት ብቻ ባዶ ባትሪ ይሞላል ብለው አይጠብቁ፤ መንገዱ አጭር ነው። ጣሪያው ላይ ባለ 200 ዋት የፀሐይ ፓነል ከነመቆጣጠሪያው ቢያስገቡ በጥሩ ፀሐይ በቀን 60 አምፒር ሰዓት ገደማ ይመልስልዎታል፤ መብራት ለሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ከጄኔሬተር ይልቅ ያሳርፋል።

ባትሪውን የሚገዙት ከሁሉም በኋላ ነው። ለሞተር ማስነሻ የተሠራ ባትሪ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት ለመስጠት ነው የተሠራው፤ ባዶ እስኪሆን ሌሊት እንዲያበራ ሲደረግ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። ለሶላር የሚሸጡትን፣ በዝግታ ለመፍሰስ የተሠሩትን ይጠይቁ። ጄል (አሲዱ እንደ ሙጫ የረጋ) ከሆነ ቻርጀሩ ላይ የጄል ምርጫውን ይጫኑ፣ ከፍ ያለ ቮልት አይችልምና። ሊቲየም ካሰቡ ደግሞ ቻርጀሩም፣ ከዲናሞው የሚመጣው መስመርም ለሊቲየም የሚሆኑ መሆን አለባቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን አልመክርም።

አሁን ያለውንም ባትሪ ገና አይጣሉት። አንድ ጋራዥ ወስደው በሚታመን ቻርጀር አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ያስሞሉት፣ ነቅለው ግማሽ ቀን ያሳርፉት፣ ከዚያ ይለኩት። 12.6 ከያዘ በሕይወት አለ። ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ የስድስቱንም ቤቶች አሲድ በመለኪያው ያዩት፤ ሙሉ ሲሆን 1.265 እና ከዚያ በላይ ያሳያል፣ አንዱ ቤት ከሌሎቹ በ0.050 ካነሰ ግን ባትሪው አልቋል።

ሲመቸዎት የሣጥኑን የስም ሰሌዳ ፎቶ፣ በጄኔሬተር ላይ እያለ የለኩትን ቮልትና ሞተሩ ሲነሣ የቤቱ ባትሪ ያሳየውን ቮልት ይላኩልኝ። የማውረጃውንም ጀርባ አብረው ያንሱት፤ እስከዚያው ድረስ ግን ተነቅሎ ይቆይ።